አሮጌውን ካባ ማን ይጠብቀው? ከእንጦጦ ዕቃ ቤት እስከ ሽሮ ሜዳ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚየም ተከፈተ ሲባል መስማት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። በ2012 ዓ.ም አንድነት ፓርክ ተከፈተ። በየካቲት 2016 ዓ.ም የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። በ2017 ዓ.ም ደግሞ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ከየምርቃቱ በኋላ ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። አንዱ የሥራ ፈላጊ ወጣቶች ነው፤ "ከአስጎብኚነት ሌላ እዚያ ምን ሥራ አለ?" ይላሉ። ሌላው ከመቅደላ ቅርሶች ጋር ተያይዞ ይመጣል፤ "ቢመለሱልንስ በደንብ መያዝ እንችላለን ወይ?"

ሁለቱን ጥያቄዎች የምንሰማቸው ለየብቻ ነው። የሚገናኙበት አንድ ሙያ ግን አለ፤ ኮንሰርቬሽን ይባላል። እዚህ የምናየው ከዘርፎቹ አንዱን፣ የጨርቃ ጨርቅ ቅርስ ጥበቃን ነው። ድንጋይ ቸል ቢሉት ይታገሳል፤ ብራናም ጠንካራ ነው። ጨርቅ ግን የአያያዝ ስህተትን ቶሎ ያሳያል። ስለዚህ አንድ አገር ቅርሷን እንዴት እንደያዘች ለማወቅ ጨርቋን ማየት ጥሩ መለኪያ ነው።

የምንመለከተው የከተማዋን ሰሜናዊ ዳር ነው። ላይ እንጦጦ ማርያም አለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው። በግቢዋ ያለው ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌ ጣይቱን አልባሳት ከሌሎች ንዋያተ ቅድሳት ጋር ይዟል። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ የሸማኔዎች ሰፈር፣ ሽሮ ሜዳ ይገኛል። ላይ አሮጌው ጨርቅ፣ ታች ጨርቁን በእጁ የሚያውቅ ሰው። በመካከላቸው መቆም ያለበት ባለሙያ ነው የጎደለን።

ጥገና እና ጥበቃ ይለያያሉ

የሕዝቡ ንግግር የሚምታታው እዚህ ላይ ነው። "ቅርሱ ተጠገነ" ሲባል አብዛኛው ሰው የሚገባው አሮጌው ነገር አዲስ መሰለ ማለት ነው። ይህ በባለሙያዎች ዘንድ ሪስቶሬሽን ይባላል፤ የዕቃውን የቀድሞ መልክ መመለስ ማለት ነው። ኮንሰርቬሽን ግን ከዚህ ይሰፋል። ዋናው ግቡ ዕቃው አሁን ባለበት ሁኔታ እንዲቆይ ማድረግ ነው። የተቀደደው የግድ አይሰፋም። ያረጀው የግድ አይታጠብም። እንባ ይሁን ደም ወይም ሰም፣ እድፉ ራሱ ታሪክ ሊሆን ይችላል።

ኮንሰርቬሽን ራሱ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ዕቃውን በቀጥታ የሚነካ ሥራ ነው፤ ማጽዳት፣ መደገፍ፣ መስፋት። ሁለተኛው የመከላከል ሥራ ነው። ብርሃኑን፣ እርጥበቱን፣ አቧራውን፣ ነፍሳቱን፣ ማስቀመጫውን ይቆጣጠራል። በአማርኛ "ሳይቃጠል በቅጠል" የምንለው ማለት ነው። አገራችን ባለችበት ሁኔታ ትልቁ ጥቅም ያለው በዚህ በሁለተኛው ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ካባ ለመጠገን ወራት ሊፈጅ ይችላል። አንድ ክፍል ጨለማና ደረቅ ለማድረግ ግን መጋረጃና ትንሽ ክትትል ሊበቃ ይችላል።

አንድ ሕግ ደግሞ ሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው። በቅርሱ ላይ የተጨመረ ማንኛውም ነገር ነገ ሊነሳ የሚችል መሆን አለበት። ለዚህ ነው ሙጫ በጨርቅ ቅርስ አካባቢ የሚፈራው።

ጨርቅን ምን ያጠፋዋል?

ከብርሃን እንጀምር። ብርሃን የሚለካው ሉክስ በሚባል መለኪያ ነው። ሙዚየሞች ለጨርቃ ጨርቅ የሚፈቅዱት መጠን 50 ሉክስ ገደማ ነው፤ ዓይን እስኪለምደው ጨለማ የሚመስል ክፍል ማለት ነው። ደማቅ የቀትር ፀሐይ ደግሞ 100,000 ሉክስ አካባቢ ይደርሳል። እስቲ እናስላው። በ50 ሉክስ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ለእይታ የቀረበ ቀሚስ በዓመቱ የሚያገኘው ብርሃን 120,000 ሉክስ ሰዓት ነው። ያንኑ ያህል ብርሃን ደጅ ፀሐይ ላይ በ1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያገኘዋል። "ትንሽ ነፋስ ይግባው" ተብሎ አንድ ረፋድ ገመድ ላይ የተሰጣ ካባ የአንድ ዓመት የሙዚየም ዕድሜውን ጨረሰ ማለት ነው። የብርሃን ጉዳት ይጠራቀማል፤ ደግሞም አይመለስም። የደበዘዘ ቀለምን የሚያመጣ መድኃኒት የለም።

የእንጦጦ ከፍታ ነገሩን ያከብደዋል። ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት የሚባለው የማይታይ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ እንጦጦ ደግሞ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያግደውም።

ቀጥሎ እርጥበት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም እንጦጦ በጭጋግና በዝናብ ትከርማለች። በአየሩ ውስጥ ያለው አንጻራዊ እርጥበት ከ65 እና 70 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይነሳል። ከታኅሣሥ በኋላ ደግሞ አየሩ ይደርቃል። ጨርቁ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሸመቀቃል። ይህ በየዓመቱ የሚደጋገም መለጠጥና መኮማተር ክሩን ያደክመዋል።

ብልም አለ። ብል ራሷ ቢራቢሮዋ አትበላም፤ የምትበላው እጯ ነው። እጯ የምትወደው ከእንስሳ የሚገኘውን ነው፤ ሱፍ፣ ሐር፣ ላባ፣ ፀጉር። ንጹሕ የጥጥ ሸማን ብዙም አትደፍርም። ላብና ምግብ የነካው ቦታ ላይ ግን ጥጡንም ትጀምረዋለች። ለዚህ ነው አሮጌ ልብስ ብዙ ጊዜ አንገቱና ብብቱ አካባቢ ተበልቶ የሚገኘው። መድኃኒት መንፋት የሚመስለውን ያህል መፍትሔ አይደለም፤ ኬሚካሉ ጨርቁም ላይ ሰውም ላይ ይቀራል። ሙዚየሞች ዛሬ የሚመርጡት ማቀዝቀዝን ነው። ልብሱ በፕላስቲክ በደንብ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ይቆያል። ከዚያ ከነእሽጉ ወጥቶ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ይጠበቃል። እሽጉን ቸኩለው ከከፈቱት ልብሱን ጠል ይይዘዋል። ቀዳሚ ምርመራ ሳይደረግ ሁሉም ዕቃ ፍሪዘር አይገባም፤ ቀለም የተቀባ ወይም ከሌላ ነገር ጋር የተጣበቀ ከሆነ ሊጎዳ ይችላል።

አሁን አንድ ዕቃ ጠጋ ብለን እንይ። ከፋይ ጨርቅ ላይ በወርቅ ክር የተጠለፈ አሮጌ ካባ አለ እንበል። ከሩቅ የወርቅ ይመስላል። ጠጋ ሲሉት ግን እያንዳንዱ ክር ሁለት ነገር ነው፤ መሐሉ ሐር፣ ዙሪያው እንደ ጥብጣብ የተጠመጠመ ቀጭን ብረት። ብረቱ አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ የተቀባ ብር ነው። ብሩ በአየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተገናኝቶ ይጠቁራል። ያየው ሰው በሎሚ ወይም በአመድ ፈትጎ ሊያነጣው ይቃጣዋል። ሲፈትገው ወርቁ ይላጣል። ሎሚው ደግሞ ከሥር ያለውን ሐር ይበላዋል። ሐሩ ከተበጣጠሰ ብረቱን የሚይዘው የለም፤ ጠመዝማዛው ተፈትቶ ይንጠለጠላል። ካባው በአንድ መስመር ታጥፎ ለዓመታት ሳጥን ውስጥ ከነበረ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እጥፉ ነው። ለአንድ ትውልድ በአንድ መስመር የታጠፈ ልብስ በዚያው መስመር ይቆረጣል፤ መቀስ የገባበት ይመስላል።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከአውሮፓ የመጣ ሐር የራሱ የሆነ ሌላ ችግር አለው። ሐር የሚሸጠው በክብደት ነበር። ጥሬው ሐር ሲታጠብ ሙጫው ወጥቶ እስከ ሩብ የሚደርስ ክብደት ይጠፋል። ነጋዴዎች ይህን ለመተካት ሐሩን በቆርቆሮ ጨውና በመሳሰሉት ይነክሩት ነበር። ያ ጨው ሐሩን ከውስጥ ያደርቀዋል። ስለዚህ በዘመኑ ውድ የነበረው ቀሚስ ዛሬ ሲነካ እንደ ደረቅ ቅጠል ሊሰባበር ይችላል፤ ከሱ በዕድሜ የሚበልጥ ተራ የጥጥ ኩታ ግን ደህና ሆኖ ይገኛል።

ሙያው ውስጥ ምን ምን ሥራ አለ?

ሙዚየም ውስጥ ያለው ሥራ ከአዳራሹ በስተጀርባ ይበዛል። ኩሬተር የሚባለው ስለ ስብስቡ የሚያጠናውና ምን ይታይ የሚለውን የሚወስነው ነው። ሬጅስትራር መዝገቡን ይይዛል፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ የት ተቀመጠ። የስብስብ ኃላፊው ግምጃ ቤቱን ያስተዳድራል። ኮንሰርቫተሩ የዕቃው ሐኪም ነው ማለት ይቻላል። ማቆሚያና ማሳያ የሚሠራ ባለሙያም አለ። ቀሚስ ልኩ ያልሆነ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ላይ ከዋለ ትከሻው ላይ ክብደቱ ወድቆ ይቀደዳል፤ ስለዚህ አሻንጉሊቱ በቀሚሱ ልክ ይሠራል እንጂ ቀሚሱ በአሻንጉሊቱ ልክ አይጎተትም።

የጨርቅ ኮንሰርቫተር ቀን እንዴት ይውላል ቢባል ከሚገመተው በላይ ጽሕፈት አለው። ዕቃው ሲመጣ ይለካል፣ ፎቶ ይነሳል፣ እያንዳንዱ ቀዳዳና እድፍ በሥዕል ላይ ይመዘገባል። ይህ የይዞታ ሪፖርት ይባላል። ቁጥሩ ልብሱ ላይ በእስክሪብቶ አይጻፍም፤ በቁራጭ የጥጥ ጥብጣብ ላይ ተጽፎ ጥቂት ስፌት ይደረግለታል። አቧራው በመረብ ተሸፍኖ በቀስታ በሚስብ መምጠጫ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው መርፌ የሚነሳው። መርፌው እንደ ቀዶ ሐኪም መርፌ የጎበጠ ነው፤ ክሩ ፀጉር የሚያህል ሐር። ከተጎዳው ሥር ቀለሙ የሚመሳሰል ደጋፊ ጨርቅ ይገባል። ስፌቱ ድርና ማጉ መካከል ባለው ክፍተት ያልፋል እንጂ አሮጌውን ክር አይወጋም።

ለዚህ ሁለት ዓይነት ዕውቀት ያስፈልጋል። አንዱ ኬሚስትሪ ነው፤ ቀለሙ ውኃ ቢነካው ይለቃል ወይ፣ ቃጫው አሲድ ይዟል ወይ የሚለውን ለማወቅ። ሌላው የእጅ ትዕግሥት ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ያለው ሰው ይቸገራል።

ዩኒቨርሲቲ ወይስ ሽሮ ሜዳ?

ባለሙያውን ከየት እናምጣ በሚለው ላይ ሁለት አመለካከት አለ።

የመጀመሪያው ከዩኒቨርሲቲ ይጀመር የሚል ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዎሎጂና የቅርስ አስተዳደር ትምህርት ክፍል አለው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። የኬሚስትሪ ምሩቅም ሞልቷል። ለእነዚህ ወጣቶች ተጨማሪ ሥልጠና ቢሰጥ ይበቃል ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ያለ ሳይንስ የሚደረግ ጥገና ጥፋት ሊሆን ይችላልና። ችግሩ የቅርስ አስተዳደር ምሩቅ የሚማረው በአብዛኛው ሕግ፣ ታሪክ፣ ቱሪዝምና ዕቅድ መሆኑ ነው። ተመርቆ ሲወጣ አሮጌ ሐር ነክቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ከእጅ ይጀመር የሚል ነው። ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ፣ ብዙዎቹ መሠረታቸው ከጋሞ ደጋ ነው፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መርገጫውን እየረገጠ መወርወሪያውን ሲወረውር ድር ቢበጠስበት ዓይኑ ሳያየው ጣቱ ያገኘዋል። ሁለቱን ጫፍ አገናኝቶ በጣቱ ጠቅለል ያደርገውና ይቀጥላል። ጥለት ሲያስገባ ድሩን እየቆጠረ ነው፤ ስንት ክር ተነሳ፣ ስንት ቀረ። ጥጥ የሚፈትሉት እናቶችም ክር በጣታቸው ነክተው አጠማዘዙ ጠንካራ ይሁን ልል ይለያሉ። እንዲህ ያለ ዕውቀት በሁለት ዓመት ትምህርት አይገኝም። ሆኖም ሸማኔ በተፈጥሮው አዲስ ጨርቅ ሠሪ ነው። የተቀደደ ሲያይ አሳምሮ ሊደፍነው ይፈልጋል። ኮንሰርቫተር ደግሞ እጁን መያዝ አለበት። ይህን ልዩነት አቅልሎ ማየት አይገባም።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ከተባልኩ ለእጅ አደላለሁ። እጅ ላለው ሰው መዝገብ አያያዝንና መሠረታዊ ኬሚስትሪን ማስተማር፣ ለዲግሪ ባለቤት እጅ ከማስገኘት ይቀላል። ግን ሸማኔው ዲፕሎማ የለውም። "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" የሚባለው እዚህ በትክክል ይሠራል። ሸማኔን ዝቅ አድርጎ የማየት አሮጌ ልማዳችንም ገና አልለቀቀንም፤ በቅጥር መመሪያ ውስጥ ሳይጻፍ ይሠራል።

የውጭውን መንገድ በተመለከተ አጭር ነገር እንበል። በብሪታንያ የጨርቃ ጨርቅ ኮንሰርቬሽን ማእከል እ.ኤ.አ. በ1975 ሃምፕተን ኮርት ላይ ተጀምሮ ኋላ ወደ ዊንቸስተር ሄደ፤ በ2009 ግን በገንዘብ ምክንያት ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት ግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የሁለት ዓመት የማስተርስ ትምህርት ከፍቶ ሙያውን አስቀጠለው። ስዊዘርላንድ ውስጥ አቤግ የሚባለው ፋውንዴሽን በዚሁ ዘርፍ ያስተምራል። ሀብታም አገርም ውስጥ ሙያው በቀጭን ክር የተንጠለጠለ መሆኑን ልብ ይሏል። ለአፍሪካ ሙዚየሞች የሚቀርበው ሌላ ነው። ሮም ያለው ኢክሮም የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፕሬማ በተሰኘ ፕሮግራም ከሰሐራ በታች ላሉ ሙዚየሞች ሠራተኞች የመከላከል ኮንሰርቬሽን አሠልጥኗል። ከዚያ ሥራ በኋላ ቤኒን ፖርቶ ኖቮ እና ኬንያ ሞምባሳ ላይ የሥልጠና ማእከላት ተቋቁመዋል።

የሚለበስ ቅርስ

የእንጦጦ ነገር ከአውሮፓ ሙዚየም የሚለይበት ትልቅ ጉዳይ አለ። የቤተ ክርስቲያን ልብስ ሁሉ የሞተ ዕቃ አይደለም። ለጥምቀት ታቦት ሲወጣ መጎናጸፊያው፣ ላንቃው፣ ድባቡ ከዕቃ ቤት ይወጣል። ፀሐይ ይመታዋል፣ ፀበል ይረጭበታል፣ የጧፍ ሰም ይንጠባጠብበታል፣ የእጣን ጭስ ይጠጣል። ከዚያ ተጣጥፎ ይመለሳል።

የሙዚየም ሰው ይህን ሲያይ ይጨነቃል። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ደግሞ ልብሱ የተሰጠው ለአገልግሎት መሆኑን ያስታውሳሉ፤ መስታወት ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጥ ንዋየ ቅድሳት የተሰጠበትን ዓላማ አጣ ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። በመሐል ያለው መንገድ ቅጂ ማሠራት ነው፤ አሮጌው ይረፍ፣ አዲሱ ያገልግል። ቅጂውን ከሽሮ ሜዳ የተሻለ የሚሠራ የለም። ግን ይህም ለሁሉም አይሆንም። ምእመኑ ስለት አድርጎ የሰጠውን ወይም ለዘመናት የተቀደሰበትን ልብስ በአዲስ መተካት ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ውሳኔውም የባለሙያ ብቻ ሊሆን አይችልም። ባለሙያው ማድረግ የሚችለው ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ ምርጫውን በግልጽ ማሳየት ነው፤ ይህ ልብስ ስንት ጊዜ መውጣት ይችላል፣ ሲመለስ ምን ይደረግለት።

የመቅደላው ጥያቄ

በ1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰደው ውስጥ ጨርቅም አለ። ለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የእቴጌ ጥሩነሽ ነው የሚባል የጥጥ ቀሚስ በ2010 ዓ.ም ለእይታ አቅርቦ ነበር። ብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ ከጎንደር ዘመን የተሠራ የሐር መጋረጃ ይዟል። "ኢትዮጵያ መያዝ አትችልም" የሚለው ክርክር ትክክል አይመስለኝም። ባለቤትነት በአያያዝ ችሎታ አይለካም። የዐፄ ቴዎድሮስ ጸጉር በ2011 ዓ.ም ሲመለስም እንዲህ ያለ መለኪያ አልተጠየቀም። ግን ጥያቄውን ለራሳችን ብለን መመለስ ይገባናል። ያ ቀሚስ ነገ ቦሌ ቢያርፍ በማን እጅ ነው ሳጥኑ የሚከፈተው?

ማነቆው መደብ ነው

ለሕንፃ ገንዘብ ይገኛል፤ ሕንፃ ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሳል። ግምጃ ቤት ግን አይመረቅም። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ማንኛውም የቅርስ ጥገና በቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲሠራ ያዛል። ይህ ጥሩ አጥር ነው። አጥር ግን ሠራተኛ አይሆንም። የመንግሥት ቅጥር በመደብ ነው የሚሠራው፤ የሥራ ዝርዝር፣ ደረጃ፣ ተዛማጅ የትምህርት መስክ። "የጨርቃ ጨርቅ ኮንሰርቫተር" የሚል መደብ በሌለበት የሠለጠነ ሰው ቢገኝም የሚቀመጠው ሌላ ወንበር ላይ ነው። የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስዶ ሰርተፍኬት ይዞ የመጣ ሠራተኛ ከወራት በኋላ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፤ የተማረውም አብሮት ይሄዳል።

ይህ ካልተለወጠ የሚሆነውን መገመት አይከብድም። አዳዲሶቹ ሙዚየሞች ያሳዩትን ልብስ በተመሳሳይ መብራት ሥር ዓመቱን ሙሉ ያቆዩታል፤ አዟዙሮ የሚያሳርፈው ሰው የለምና። ከአሥር ዓመት በኋላ ፊት ለፊቱ ከጀርባው ደብዝዞ ይገኛል። የዕቃ ቤት ልብስ ደግሞ ሳይመዘገብ ያልቃል፤ ምን እንደነበረ እንኳ አይታወቅም። በተቃራኒው ጥቂት መደብ ቢከፈት ሥራው የግድ ትልቅ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። ሁለት ሸማኔ፣ አንድ የኬሚስትሪ ምሩቅ፣ አንድ መዝገብ ያዥ፣ የእርጥበት መለኪያና ፍሪዘር ይዞ ሰሜኑን የከተማ ዳር መጀመር ይቻላል።

ሙያውን የሚፈልግ ወጣት መጠበቅ የለበትም። ኬሚስትሪውን አይናቅ። መርፌ ይያዝ፤ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ድር ሲደወር፣ ጥለት ሲገባ ይይ። የሠራውን በፎቶ ያስቀምጥ፤ የውጭ ትምህርት ቤቶች ከዲግሪው ጋር የእጅ ሥራውን ማየት ይፈልጋሉና።

ዕቃ ቤት ላላቸው አድባራት ደግሞ ወቅቱ ራሱ ያግዛል። ከጥምቀት በኋላ የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ያሉት ሳምንታት ደረቅ ናቸው፤ ሳጥን የሚከፈትበት ጊዜ ያ ነው። ጋዜጣውና ፌስታሉ ይውጣ፤ ጋዜጣ አሲድ አለው፣ ፌስታል እርጥበት ያፍናል። በምትኩ ሳሙናው እስኪለቅ ታጥቦ የደረቀ አቡጀዲ ይግባ። የውጭ ሙዚየሞች በውድ የሚገዙት መጠቅለያ ከዚህ ብዙም አይለይም። መጋረጃና ኩታ በመሰለ ዝርግ ጨርቅ ላይ ከማጠፍ መጠቅለል ይሻላል፤ መርካቶ ጣቃ የሚጠቀለልበት ካርቶን አሉሚኒየም ፎይልና አቡጀዲ ከለበሰ ያገለግላል። ካባው ግን አይጠቀለልም። በእጥፉ ውስጥ እንደ ቋሊማ የተጠቀለለ አቡጀዲ ይገባለታል፤ እጥፉም ካለፈው ዓመት መስመር ፈቀቅ ይደረጋል። ይለካል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ቁጥር ይሰፋለታል፣ ቀኑ ይጻፋል። ለአንድ ካባ ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን ይወስዳል።